መልአኩ የለቀቀው ሰው

ክብሪት መልአክ አላየም። ይህን ከመነሻው ተናግሮ መገላገል ይሻላል፤ መልአኩን ያዩለት ሌሎች ናቸውና። እሱ ያየው መጀመሪያ ሰማዩን፣ ቀጥሎ የጣሪያውን ጠርዝ፣ በመጨረሻ የገዛ ጫማውን ነው። ከዚያ አፉ አሸዋ ሞላ።

ክብሪት እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ቀለም ቀቢ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ በትንሽ ነገር ቦግ የሚል። የሥራ ጓደኞቹ ያወጡለት ስም ቤቱ ድረስ ገብቶ ቀረ፤ ሚስቱ እንኳ ደስ ሲላት "ክብሪቴ" ትለዋለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ቁጣው ያልጸለየለት ሰው የለም። እንዲያውም አንድ እሑድ፣ የሚጸልይለት ሰው ጭንቅላቱን በእጁ አጥብቆ ስለተጫነው ተቆጥቶ ጸሎቱን አቋርጦ ሄዷል። ግን ቁጣው እንዲሁ የሚባክን ቁጣ አልነበረም። ሁለት ጊዜ መቀባት ያለበትን ግድግዳ አንድ ጊዜ ለቅልቆ የሚሄድ ቀቢ ሲያይ ደሙ ይፈላል። እሱ ቁም ሣጥን የሚሸፍነውን ግድግዳ ሳይቀር ስቱኮ አልብሶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ፣ ደግሞ ደጋግሞ ነው የሚቀባው። "ይህንን ደግሞ ማን ያየዋል?" ሲሉት "እኔ አይቼዋለሁ" ብሎ ሥራውን ይቀጥላል።

የዕድሜ ልክ የሥራ ባልንጀራው ለሳኙ ነው። እሱ የክብሪት ተቃራኒ ነው፤ ደልደል ያለ፣ ዝግ ያለ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ። ለሳኙ ይለስናል፣ ክብሪት ተከትሎ ይቀባል።

"አንተ ታጎብጠዋለህ፣ እኔ በቀለም አቀናልሃለሁ" ይለዋል ክብሪት።

"አንተ ባትቀባው ኖሮ ምን የመሰለ ግድግዳ ነበር" ይለዋል ለሳኙ።

እንዲህ ሲነታረኩ ጎለመሱ። አንዱ ሲታመም ሌላው የእሱን ሥራ ሸፍኖ ይውላል። የለሳኙ ልጆች ክብሪትን "አጎቴ" ነው የሚሉት፤ ሲቆጣም አይፈሩትም።

የወደቁት የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸውን አዲስ አዳራሽ ሲሠሩ ነው። አዳራሹን የሚያሠራው ተቋራጭ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎች አንዱ ነበር፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ጸሎቱ ረጅም፣ ሰው ሲጨብጥ በሁለት እጁ የሚጨብጥ። "ለጌታ ነው የምሠራው" ስለሚል ምእመኑ ሁሉ ይመርቀዋል። በከተማው ሌላ ጫፍ ሆቴል እያቆመ ነበር፤ እሱን እንኳ ለጌታ ነው አላለም። በዚያ ቀን ጠዋት አንድ የጭነት መኪና መጣና የቀን ሠራተኞች የመወጣጫውን ማያያዣ ብረቶች ከታች ጀምረው እየፈቱ ጫኑበት። ቋሚዎቹን እርስ በርስ አስረው የሚይዙት እነዚህ ብረቶች ናቸው፤ ከሌሉ መወጣጫው ቆሟል እንጂ ተይዟል አይባልም። ክብሪት ቆሞ አየ።

"ጋሼ፣ ይሄማ አይሆንም" አለ ተቋራጩን። "ታዲያ እኛን ምን ሊይዘን ነው?"

"ሆቴሉ ጋ ለዛሬ ቸግሮን ነው። ነገ ይመለሳል" አለ ተቋራጩ ፈገግ ብሎ። "አንተ ደግሞ ወንድሜ፣ የጌታን ቤት እየሠራህ ትፈራለህ?"

ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ክብሪት ቡርሹን ወርውሮ፣ የሰውየውን ዘር ማንዘር አንሥቶ፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይሄድ ነበር። እዚህ ግን ያ ሁሉ ሰው ስለ ቁጣው የጸለየበት ቦታ ነው። ዛሬ እንኳ ልታገሥ ብሎ ምላሱን ዋጠ። ለሳኙ ገና አልደረሰም ነበር። ሲመጣም ክብሪት አልነገረው፤ አፉን ከከፈተ ቁጣው አብሮ ዘሎ እንደሚወጣ ያውቃል። ሻይ አብረው ጠጡና መወጣጫው ላይ ወጡ። ይህ ሰው በሕይወቱ ሲቆጣ ከኖረባቸው ቀኖች ሁሉ መቆጣት የነበረበት ያን ቀን ነበር፤ ያን ቀን ትዕግሥተኛ ሆነ።

ለሳኙ ከጣሪያው ሥር የቀረችውን ሲጠጋግን፣ ክብሪት አጠገቡ ስቱኮ ሲያለብስ፣ መወጣጫው መጀመሪያ ወደ ጎን ዘንበል አለ። ጣውላው ከእግራቸው ሥር ሾለከ። ክብሪት የአሸዋው ክምር ላይ አረፈ። ለሳኙ ከአሸዋው አጠገብ፣ ከመሠረት የተረፈው ድንጋይ ላይ። በመካከላቸው እጅ ለእጅ ለመያያዝ የማያስችል ርቀት እንኳ አልነበረም። ክብሪት ትከሻው ተላልጦ ተነሣ። ለሳኙ ከወገቡ በታች አልነሣ አለው፤ ሐኪሞቹም ከእንግዲህ አይነሣም አሉ።

መጋቢው ክብሪትን ሊጠይቅ ሆስፒታል ሲመጣ "እንዴት ተረፍክ?" አለው።

"እግዚአብሔር ያዘኝ" አለ ክብሪት። ደረጃ ላይ አንሸራትቶት የተረፈ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ከልቡም ነበር።

እሑድ ግን መጋቢው መድረክ ላይ አወጣውና፣ ማይኩን ለራሱ እንደያዘ፣ ወንድማችንን መልአክ በክንፉ ተቀበለው ብሎ ተናገረ። ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው። "እንዲህ ነው አይደል፣ ወንድሜ?" ሲለው፣ ያ ሁሉ ዓይን እያየው፣ ክብሪት አንገቱን ነቅንቆ "አሜን" አለ። አሜን ማለት ምን ክፋት አለው? በየእሑዱ ይለዋል።

በሚቀጥለው ሳምንት መልአኩ ነጭ ለበሰ። ከዚያ ደግሞ በክብሪት ጆሮ የተናገረው ቃል ተገኘ። ከሌላ ሰፈር መጥተው የመልአኩ እጅ ያረፈበትን ትከሻ ካልነካን የሚሉ ሴቶች ነበሩ፤ የተላላጠው ትከሻ ነው፣ ሲነኩት ያንገበግበዋል። "ኧረ እባካችሁ፣ እኔ ምንም አላየሁም" ሲላቸው ትሕትናውን አደነቁ። ዝም ሲል ደግሞ ጌታ ቁጣውን ወሰደለት ተባለ። ተቋራጩ ጠርቶ ካቦ አደረገው፤ ከእንግዲህ ጣውላ ላይ መንጠልጠል ቀርቶ ሠራተኛ ማዘዝ፣ የመጋዘን ቁልፍ በወገቡ ማንጠልጠል። ስለ ማያያዣ ብረቶቹ ማንም አልጠየቀም። መልአክ በገባበት ወሬ ውስጥ ብረትን ማን ያስታውሳል?

ግን ሰው ማሰቡ አልቀረም። ሁለት ሰው ወድቆ መልአኩ አንዱን ከያዘ፣ ሌላውን ለምን ለቀቀው? መልሱ ቶሎ ተገኘ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ ቸግሮ አያውቅም። "የደበቀው ነገር ሳይኖር አይቀርም" አለ አንዱ። ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች፣ ከንፈር መምጠጧም እንደ ማስረጃ ተቆጠረ። ድሮም ጸሎት ላይ እንቅልፍ ይወስደው ነበር የሚል ተገኘ። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲያነሣ የዋለ ሰው እንቅልፍ ቢወስደው ምን ይገርማል? ወሬው ተንከባሎ ተንከባሎ ለሳኙ አልጋ አጠገብ ደረሰ።

ክብሪት ባልንጀራውን ለመጠየቅ እግሩ ከብዶት ከርሟል። ሥራ በዛብኝ ይላል፤ ቁልፍ ለማንጠልጠል ምን ሥራ እንደሚበዛ እግዜር ይወቀው። በመጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሄደ። በሩ ላይ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ስትወጣ አገኛት፤ ግራ ተጋብታለች።

"ልጄ፣ ይህ ሰው ምን ነካው? ልጅ ሳለሁ ከዛፍሽ ፍሬ ሰርቄሻለሁ፣ ይቅር በይኝ ብሎ አለቀሰብኝ። እኔ ዛፍም ኖሮኝ አያውቅ።"

ለሳኙ መስኮቱ ሥር ተኝቷል። ያ ደልዳላ ሰውነት ሟሟ፤ እጁ ብቻ የድሮው እጅ ነው። ሚስቱ አንሶላ እያጠፈች ነበር። ክብሪትን ቁጭ እንዲል በዓይኗ አመለከተችውና ወደ ጓዳ ገባች።

"እንኳን መጣህ" አለ ለሳኙ። "ላስጠራህ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅህ ብዬ።"

"የምን ይቅርታ?"

"ያ የቀለም መቀቢያ ሩሎህ ጠፋ ያልኩህ ጊዜ፣ እኔ ነኝ ሰብሬ የጣልኩት።"

"አውቃለሁ። ተጣልተንበት፣ ታርቀንበት ያለቀ ነገር ነው።"

"እንግዲያው እሱም አይደለም" አለ ለሳኙ ለራሱ እንደሚያወራ። "እየፈለግሁ ነው፣ ክብሪት። ከልጅነቴ ጀምሬ እያንዳንዷን እየፈለግሁ ነው። አንድ ትልቅ ነገር አለ። አላስታውሰውም እንጂ አለ።"

"አለ ብሎ ማን ነገረህ?"

"ማን ይንገረኝ? አብረን ነው የወደቅነው። አንተን ያዘህ።" ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ፤ ራሱ የለሰነው ግድግዳ ነው። "እኔን ለምን ለቀቀኝ?"

ክብሪት ተነሥቶ ወጣ። መንገዱን ሙሉ ሁሉንም በልቡ እየሰደበ ሄደ፤ ወሬኞቹን፣ መጋቢውን፣ ከንፈር መጣጯን። የሰውየው ወገብ መሰበሩ አንሷቸው ነፍሱን ይበረብራሉ። ስድቡ ሲያልቅበት የቀረው ሰው እሱ ራሱ ነበር። መኪናው ሲጫን ያየ እሱ፣ አሜን ያለ እሱ፣ ቁልፉን የያዘ እሱ። እርምጃውን ወደ ተቋራጩ ቢሮ አዞረ።

ቢሮው ንጹሕ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ወንበሮቹ ሲቀመጡባቸው አስምጠው ያስቀራሉ። ክብሪት አልተቀመጠም።

"ጋሼ፣ ስለ ብረቶቹ ለምእመኑ ይናገሩ።"

"የምን ብረቶች?" አለ ተቋራጩ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

"የጫኗቸው። ሰው ባልንጀራዬን በኃጢአቱ ነው የወደቀ እያለ ነው። እሱም አምኗል።"

ተቋራጩ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ስለ እሱ እያለቀስኩ ነው የምጸልየው፣ ወንድሜ። በየቀኑ።"

"ልቅሶው ይቆይና ብረቱን ይናገሩ።"

"እስቲ በእርጋታ አስበው። ስንት ሰው ነው በአንተ ምስክርነት ወደ ጌታ የመጣው? አሁን ተነሥተህ ብረት፣ ማያያዣ ብትል እነሱ ምን ይሆናሉ? ላላመኑትስ መሳቂያ አንሆንም? የዚያ ሁሉ ሰው ነፍስ በአንተ እጅ ነው ያለው።" ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው። "እሑድ የአዳራሹ ምረቃ ነው። የምትመሰክረው አንተ ነህ፣ መጋቢውም ተስማምቷል። ከዚያ በኋላ እኔና አንተ ቁጭ ብለን እንመካከራለን።"

ክብሪት መንገድ ላይ ከወጣ በኋላ ነው የተናደደው። ከሁሉ የባሰው፣ ሰውየው ሊያሳምነው ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። እንዲህ ያለው ሰው አይሰድብህም፣ አይጮህብህም። የሰው ነፍስ አንሥቶ ጫንቃህ ላይ ይቆልልና የራሱን ብረት ቀለል አድርጎ ይዞ ይሄዳል። ውሸቱን እግዚአብሔር እንደሚፈልገው አድርጎ ያቀርብልሃል፤ እግዚአብሔር ያለ እሱ ውሸት ሰው ማሳመን ያቃተው ይመስል።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ የመዘምራን ልብሷን እየተኮሰች ነበር። ለምረቃው ነው፤ ድምፀ መልካም ናት፣ ከፊት ረድፍ ነው የምትቆም። ከመልአኩ ወዲህ ደግሞ ሰው ሁሉ ቀድሞ ሰላም ይላታል።

"ቁልፉን ልመልስ ነው" አላት።

ካውያው ቆመ። "እሑድስ?"

"እሑድ ያየሁትን እናገራለሁ።"

"ምንድን ነው ያየኸው?"

"ጫማዬን።"

አልሳቀችም። "እንዲህ ተከብረን እናውቃለን? ከእንግዲህ ዘማሪዎቹ ፊት እንዴት ብዬ ነው የምቆመው?"

"የለሳኙ ሚስት ፊትስ እንዴት ብለሽ ትቆሚያለሽ?"

"እሷን አታንሣብኝ" አለችው፤ እሷም ወደዚያ ቤት ከሄደች ቆይታለች። ልብሱን መተኮሷን ቀጠለች፣ የተኮሰችውን ቦታ ደግማ ደጋግማ።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ግድግዳው ያምር ነበር፤ ያሳመሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንደኛው ግን አልተጠራም። ተቋራጩ ከፊት ወንበር ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። መጋቢው ስለ ሕንጻው አመሰገነ፣ ስለ ሰጪዎቹ አመሰገነ፣ ከዚያ ክብሪትን ጠራ። በዚህ ጊዜ ማይኩን ራሱ ሰጠው።

"መልአክ አላየሁም" አለ ክብሪት።

ፈገግ ያለ ሰው ነበር፤ የለመደው ትሕትና መስሎት።

"አላየሁም ነው የምላችሁ። ያን ጊዜ አሜን ያልኩት ዋሽቼ ነው። የወደቅን ቀን ጠዋት የመወጣጫው ማያያዣ ተፈትቶ ወደ ሆቴል ሲጫን አይቻለሁ። ያስጫኑት እዚህ ፊት ለፊታችሁ የተቀመጡት ጋሼ ናቸው። ባልንጀራዬ አላየም። እኔ አይቼ ሳልነግረው አብሬው ወጣሁ። እኔ አሸዋ ላይ ወደቅሁ፣ እሱ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ሌላ ምስጢር የለውም። ስለ እሱ ኃጢአት ያወራችሁ ሁሉ በባልንጀራችሁ ላይ በሐሰት መስክራችኋል። ያስጀመርኳችሁ እኔ ነኝ..."

ማይኩ እዚህ ላይ ዝም አለ። ክብሪት ግን ዕድሜውን ሙሉ ከመወጣጫ ላይ ሆኖ ሲጣራ የኖረ ሰው ነው፣ ማይክ አላስፈለገውም። ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀጠለ። መጋቢው ለመዘምራኑ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ኦርጋኑ ተነሣ፣ መዝሙሩ ተነሣ፣ እውነቱን በምስጋና ሸፈኑት። ክብሪት ዞር ብሎ ሚስቱን ፈለገ። ከፊት ረድፍ ቆማለች። አፏ ተዘግቷል። በግራም በቀኝም ጎረቤቶቿ አፋቸውን ከፍተው ይዘምራሉ፣ እሷ እንባዋ እየወረደ ዝም ብላለች።

ሁለት ሰዎች መጥተው በክንዱ ያዙት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሲገፋ እንኳ "ና ወንድሜ፣ ና" እየተባለ ነው የሚገፋው። በሩ ላይ ሲያደርሱት አንደኛው ለሌላው፣ "አየህ፣ ያ ቁጣው ተመለሰበት" አለ። ክብሪት የመጋዘኑን ቁልፍ ከወገቡ ፈትቶ በተናጋሪው መዳፍ ላይ አስቀመጠና በቀጥታ ወደ ለሳኙ ቤት ሄደ።

ለሳኙ ነቅቶ ነበር። ልጆቹ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ክብሪት አልጋው አጠገብ ቆሞ ሁሉንም ነገረው፤ መኪናውን፣ ብረቶቹን፣ ሆቴሉን፣ አሜኑን። ምንም አላለሳለሰም። ለሳኙ እስኪጨርስ ሰማው።

"ያን ቀን ጠዋት ሻይ አብረን ጠጣን" አለ።

"ጠጣን።"

"ያኔ አይተሃል።"

"አይቻለሁ። ከተናገርኩ እቆጣለሁ ብዬ ፈራሁ።"

"ስትቆጣ አይደለም እንዴ የኖርከው? የዚያን ቀን ብቻ ጨዋ መሆን አማረህ?" የለሳኙ ድምፅ ከፍ አለ። ክብሪት ያን ድምፅ ከእሱ ሰምቶ አያውቅም። "ነፍሴን እንደ ኪስ እየገለበጥኩ ስከርም የት ነበርክ? እነዚህን ልጆች አስቀምጬ 'አባታችሁ ክፉ ሰው ነው' ብያቸዋለሁ። በገዛ አፌ። ይሰማሃል?"

አጠገቡ ያለውን ኩባያ አንሥቶ ወረወረው። ግድግዳው ላይ ተከስክሶ ውኃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሚስቱ ከጓዳ ሮጣ መጣች፣ የባሏን ፊት አይታ በሩ ላይ ቆመች። ትልቋ ልጅ ተነሥታ የአባቷን እጅ ያዘች። ለሳኙ ልጆቹን አንድ በአንድ አያቸው።

"ተቋራጩን አምጣልኝ" አለ።

"አይመጣም።"

"አምጣው። እዚህ ይቁምና እግሬን እያየ ይንገረኝ። እነሱም ይስሙ።"

"እሺ" አለ ክብሪት።

"አንተንም ይቅር አላልኩህም።"

"አውቃለሁ።"

"ዛሬ አልልህም። ነገም አይመስለኝም። ሂድ።"

ክብሪት ወጣ። ተቋራጩ ቤት ሲደርስ የምረቃው እንግዶች ምሳ ላይ ነበሩ፤ የሳሕን ኳኳታና ሳቅ እስከ ውጭ ይሰማል። በሩን አንኳኳ። አንድ ሰው በመስኮት አየውና መጋረጃውን መልሶ ሳበው። እሱ ግን ማንኳኳቱን አላቆመም።